ያላስማልነው ምስክር

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ይህን ደብተር የገዛሁት ለትምህርት ነው። የንስሐ አባቴ አባ ፍሬ ስብሐት ከዛሬ ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ዲያብሎስ ጠባይና ሽንገላ ሊያስተምሩ ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ድምፅ ማጉያውን "ይህን ከፊቴ አንሱልኝ" ብለው አስወስደው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሁላችንንም ጸጥ አሰኙን።

"ዲያብሎስ ምንም ፈጥሮ አያውቅም፤ አይችልምም። እግዚአብሔር የሰጠንን ያጣምማል እንጂ። ፍቅራችንን አጣሞ ቅናት ያደርገዋል፤ ጥንቃቄያችንን አጣሞ ሐሜት ያደርገዋል። መልካም ነገር መስሎ የሚመጣው ለዚህ ነው" አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ስኖር እንዲህ የሚያስተምር አልሰማሁም። በጣም ነው የምወዳቸው።

ስጽፍ ግን ሐሳቤ ቤት ነበር። ይህን የባለቤቴ እናት በሰማች! ወለተ ሩፋኤል ትባላለች። ከደቅ ደሴት ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀዶ ሕክምናው ለነሐሴ 20 ተቀጥሮላታል። ስንት ወር ተጠብቆ የተገኘ ተራ ነው። እንግዳ ናትና ምንም አልልም። አንዲት ነጭ ቋጠሮ ግን አለቻት፤ ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች፣ ለማንም አታሳይም። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት "የኔው ጉዳይ ነው ልጄ" አለችኝ። ክርስቲያን ምን የሚደብቀው ነገር አለው?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

በጥድፊያ። እህቴን ኢትዮጵያን ኮሌጅ ውስጥ ወድቃ አመጧት። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሌሊት አትተኛም፤ ተኝታ ስትነሳም ትጮኻለች። ታናሼ ናት፤ ከአዳማ አምጥቼ የማስተምራት፣ የቤቱ ሁሉ ተስፋ። ሐኪም ቤት ደሟን አይተው ምንም አጡባት። ሐኪሙ "ጭንቀት ነው፣ በየሐሙሱ ይዘሻት ነይ፣ እናነጋግራታለን" አለ። የሃያ ዓመት ልጅ ምን ያስጨንቃታል? ምን ጎደለባት? በየቀኑ "ኮራሁብሽ፣ እንዳታሳፍሪኝ" እያልኩ ነው የምሸኛት።

ሴትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች። ኢትዮጵያ ዓይኗን ስትገልጥ የጠራችው እሷን ነው። አልቀናሁም። እንዲያው ለመመዝገብ ያህል ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ሁለተኛ ትምህርት። አባ እንዲህ አሉ፤ "ብዙ ሰው ሰይጣን ልቤን ያነባል ብሎ ይፈራል። የልብን የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሰይጣን ግን ጆሮ አለው። ከአፋችን የወጣውን ይለቅማል፣ ጊዜ ጠብቆ መልሶ ያቀብለናል። እኛም 'ይህን በምን አወቀ?' ብለን እንደነግጣለን።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ለሐፍሳ ደወልኩላት። ፋብሪካ ውስጥ ከታች መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ እሷ በግራ እኔ በቀኝ ሆነን እንከን የምንፈልግ ነን፤ ስድስት ዓመት አብረን ቆመናል። ሐይቁ ዳር ተወልዳ ያደገች፣ አባቷም ወንድሟም ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ሴትየዋ ከመጣች ወዲህ ነው ልጅቷ የታመመችው፣ ከደሴት በቋጠሮ ይዛው የመጣችው ነገር አለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አልኳት።

"ወይ አንች! አሮጊት ሴት ቋጠሮ ባይኖራት ነው እንጂ የሚገርመኝ" ብላ ሳቀችብኝ። "የኔ እናት ሦስት አላት። ዝም ብለሽ ልጅቱን አሳክሚያት።"

ለሷ መናገሬ ጥፋቱ የኔ ነው። ኢትዮጵያ መጋረጃው ወዲያ ተኝታ ነበር። እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ፈቃድ ወስጄ ኢትዮጵያን ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ወዳለ ጠበል ይዣት ሄድኩ። ሐሙስ የሐኪሙ ቀጠሮ ነበር፤ ፍልሰታ ገብቶ ጠበሉን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ? ሐሙስና ዓርብ ጠበሉ ሲፈስባት ዝም አለች። ዛሬ አጥማቂው መስቀሉን አናቷ ላይ ጫን አድርጎ "በማን መጣህ? ተናገር!" እያለ ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ የሷ ባልሆነ ድምፅ ጮኸች።

"በአሮጊቷ! ከደሴት በቋጠሮ ይዛኝ መጣች!"

ሰዉ በእልልታ አካባቢውን ቀወጠው። እኔም እልል አልኩ። እያለቀስኩ ነው እልል ያልኩት። እኔ ብቻ አልነበርኩም የጠረጠርኩት ማለት ነው! ቋጠሮ ብሎ እኮ ነው የተናገረው! አጥማቂው ስለ ቋጠሮ ከየት ያውቃል? ማንም አልነገረውም።

ከሰፈራችን የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከኛ ቀድመው ወደ ከተማ ተመለሱ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ባለቤቴ አለበል ከጢስ ዓባይ መጣ። ኃይል ማመንጫው ላይ በፈረቃ ስለሚሠራ ቤት የሚያድረው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ነገርኩት። ጫማውን ሳያወልቅ ብዙ ቆየ።

"እናቴን ነው የምትይኝ?" አለኝ።

"እኔ አላልኩም። እሱ ነው ያለው።"

"እሱ ማነው?"

 ማን እንደሆነ እያወቀ መጠየቁ አናደደኝ። የዛሬው ትምህርት አመለጠኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሄደች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ እኔም አላልኩም። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ሸሿት። አንዷ ልጇን ከፊቷ ነጥቃ አሳለፈች። የምትሄድበትን በዳበሳ የምታገኝ ሴት ናት፤ ሲሸሿት ግን ሳታይ አልቀረችም። ቤት ገብታ ምን ሆኜ ነው ብላ አለበልን ጠየቀችው። እሱ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ነገርኳት።

ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። "የልጅቱ ጤና የኔ መራቅ ከሆነ እሄዳለሁ ልጄ" አለች። "ዓይኑ ይቅር። ካሁን ወዲያ የማየው ብዙ የለኝም።"

ዛሬ ጠዋት የሐፍሳ ወንድም ኢስሀቅ ወደ ደቅ የሚሻገር ጭነት ስለነበረው በጀልባው ወሰዳት። አለበል አሳፍሯት ሲመለስ ከኔ ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር ወደ ሥራው ሄደ። ቋጠሮዋን ይዛ ነው የሄደችው። ቤቱ ቀለለኝ። ቀለለኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

አልተሻላትም። ከረቡዕ ጀምሮ እህል እምቢ። ውኃ በማንኪያ። "እማማ የት ሄዱ?" ብቻ። ጋኔኑ ነው የሚያስጠይቃት ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። ስትጠይቅ ግን ድምፁ የራሷ ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ከትምህርቱ በኋላ አባን ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ትምህርት ጽፌ፣ ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ።

"የታመመችው በሴትየዋ መሆኑን ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ጋኔኑ ራሱ ነው አባ። ብዙ ሰው ሰምቷል።"

"ደብተርሽ ይዘሻል? እስቲ መጀመሪያ ቀን ስሙን ምን ብየ እንዳስተማርሁ አንብቢልኝ።"

ገለጥኩት። ከገጹ ጥግ ላይ በራሴ እጅ "የሐሰት አባት" ብዬ ጽፌዋለሁ። አነበብኩት።

"ታዲያ ለምስክርነት ስታቆሚው በምን አስማልሽው?"

 ሳቅ የላቸውም፣ ቁጣም የላቸውም። ባለቤትነቱ የተጠረጠረ በሬ እንኳ በገበያ ሦስት ምስክር ይቆጠርበታል አሉኝ። "የአንዲት እናት ስም ግን በእሱ ቃል ብቻ ጠፋ። ጌታ አጋንንት እውነት ሲናገሩ እንኳ ዝም በሉ ነው ያላቸው፤ በውሸታቸው እልል አላለም። ጠበሉ ጠበል ነው፣ ያድናል። እዚያ ቆመን ለሰይጣን ጥያቄ ስናቀርብለት ነው ጥፋቱ የኛ የሚሆነው። ቤት ከፈረሰለት፣ ሰውና ሰው ከተለያየለት፣ እሱ ሥራውን ጨርሷል። ሐኪሙ ሐሙስ ነይ ካለሽ ሐሙስ ውሰጃት። እግዚአብሔር በሐኪምም እጅ ይሠራል።"

ተነሥቼ ልሄድ ስል "ወንጌላዊት፣ ቋጠሮ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ከማን ሰምተሽው ነበር?" አሉኝ።

አላስታውስም አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ለንስሐ አባቴ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ሥራ ላይ፣ በምሳ ሰዓት። ዛሬ አንድ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ከነእንከኑ አሳለፍኩ፤ ያየችው ሐፍሳ ናት። "ምን ሆነሻል?" ስትለኝ ነገርኳት። እንከን ላይ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ አስቀመጠች።

"ከደሴት በቋጠሮ ይዛው መጣች ያልሽኝ አንች ነሽ እኮ። በስልክ። እኔ እንኳ ስቄብሽ ነበር።"

"እሱማ አዎ" አልኳት። የምሳ ደወል ተደወለ፣ ወጣን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ዛሬ ከኢትዮጵያ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደ ወትሮዬ ምን ልሥራልሽ፣ ምን ላምጣልሽ አላልኩም። ዝም ብዬ እጇን ያዝኩ። ያኔ እንዲህ አለችኝ፤

"ሁለት ትምህርት ወድቄአለሁ። ከኮሌጁ ሊያሰናብቱኝ ነው መሰለኝ። ለእማማ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ላንቺ ለመናገር አብረን እየተለማመድን ነበር። እሳቸው አንቺን ሆነው ይቆጣሉ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"እኔን ሆነው ሲቆጡ እንዴት ናቸው?"

"አይችሉበትም" አለችና ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ጠበሉ ቦታ ምን እንዳለች በደንብ አታስታውስም። ሰዉ ሲጮኽ፣ መስቀሉ ሲከብዳት፣ አእምሮዋ ውስጥ የነበረው ቃል እሱ ብቻ ነበር፤ በመጋረጃው ወዲህ ሆኜ በስልክ ያልኩት።

እሷ ምን ነካት፣ በሽታ ነው ወይስ ሌላ፣ እኔ አላውቅም፤ አባና ሐኪሙ ይዩት። እኔን የነካኝን ግን አወቅሁት። እህቴን ከመውደዴ የተነሣ ነው እል ነበር። ቀንቼ ነው። እጇን የያዘችው ሴት እኔ ስላልሆንኩ ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት በአንዲት አሮጊት እጅ ቀናሁ፣ ከዚያ በራሴ አፍ የተናገርኩት ቃል በእህቴ አፍ ሲመለስልኝ ተአምር ነው ብዬ እልል አልኩ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ትናንት ወደ ሐኪሙ ወሰድኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ አነጋገራት። ማታ ግማሽ እንጀራ በላች።

ዛሬ የፍልሰታ ፍች ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔ አልቆረብኩም። ደቅ መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ? ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ካወራ በኋላ? ደብዳቤ ልጻፍላት ይሆን? አለበልስ ቢሄድ? ይህን ሁሉ ለአባ አቀረብኩ።

"ሰይጣን ከጥፋቱ በፊት 'ምን አላት፣ ቀላል ኃጢአት ናት' ብሎሽ ነበር። አሁን ተራራ አደረገልሽ። ሁለቱንም የተናገረሽ አንድ ነው" አሉኝ። "በአደባባይ የወሰድሽውን በአደባባይ መልሽ። ነሐሴ 20 ቅርብ ነው።"

እኒህ ሰውዬ በዚህ ምድር ላይ ባይኖሩ እኔ ምን እሆን ነበር? ነገ ኢስሀቅ ይሻገራል። ሐፍሳ ነግራዋለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 18፣ ደቅ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ጀልባው ነዳጅ እስኪሞላ።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዛፉ ሥር ተሰብስበው ሲጨዋወቱ እማማ ወለተ ሩፋኤል ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በተወለዱበት፣ ሰባት ልጅ ክርስትና ባነሡበት ደጅ። በትራቸውን ታቅፈው ሰው ወደሚያወራበት አቅጣጫ ፊታቸውን መልሰዋል። ያን ሳይ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከመካከል ቆሜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።  "እኔ የአለበል ሚስት ነኝ። በእናቴ ላይ የተነገረው ቃል የሰይጣንም የእህቴም አይደለም፣ የኔ ነው። ቀንቼ ተናገርኩ። እህቴ ሰምታ ደገመችው። እሳቸው በልጅቷ ላይ ያደረጉት ደግነት ብቻ ነው" አልኩ። ሌላም ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ ጠፋኝ። ሄጄ ጭቃው ላይ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

 በዳበሳ ትከሻዬን አገኙ።

"ልጅቱ እህል ቀመሰች?" አሉ።

"ቀምሳለች እማማ። ሐሙስ ማታ፣ ዓርብም።"

"ተመስገን። በይ ተነሽ፣ ጭቃ ላይ ነሽ።"

ይኸው ነው። ሌላ ነገር ያመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላመጡም። ከሴቶቹ አንዷ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም አልመጡም።

አብረን ልንሻገር ጀልባ ጣቢያው ድረስ ስንመጣ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱልኝ። ነጭ አዲስ ጨርቅ ነው። መግነዛቸው። "የሆስፒታል ነገር ምን ይታወቃል ብየ፣ ብሞት እንዳትቸገሩ ይዠው መጣሁ። ልጅቱ እንዳትደነግጥብኝ ደበቅሁት እንጂ ሌላ አይደለም" አሉኝ።  ለምን ያኔ አልነገሩኝም ስላቸው "አንችም ደንጋጣ ነሽ" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። በሰላም። አለበል ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ከኔ ጋርም ተነጋገረ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ፋሻው ከተነሣ ሰነበተ። እማማ የግቢውን ወፍ ይቆጥራሉ። ዛሬ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የተተረተረ ክር አይተው "የጨርቅ መርማሪ ነኝ አላልሽም?" ብለው ሳቁብኝ። ኢትዮጵያ በየሐሙሱ ትሄዳለች። ኮሌጁ የወደቀችውን እንድትደግም ፈቅዶላታል። እንቅልፍ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት። ኢትዮጵያ ልትጠመቅ ወደዚያው ጠበል ሄድን፤ ራሷ ነች እንሂድ ያለችው። አባም "ሂዱ፣ ጠበሉ ምን አጠፋ?" አሉ። እማማ ሐኪሙ ውኃ ዓይናቸውን እንዳይነካ ስለከለከላቸው ሳይጠመቁ ልሸኛችሁ ብቻ ብለው መጡ። ማንነታቸውን ያወቀ አልነበረም።

ከኛ ፊት አንዲት ሙሽራ የምትመስል ልጅ ጠበል ሲወርድባት ጮኸች፤ "እናትዓለም ናት! ያደረገችብኝ እናትዓለም ናት!" አለች። እልልታው ቀለጠ። እናትዓለም የተባለችው እዚያው ቆማለች፤ የልጅቷ የባሏ እህት፣ ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ፣ ፎጣና ደረቅ ልብስ ይዛ የመጣች። ሰዉ ከአጠገቧ ሸሸ። በአንድ ጊዜ ዙሪያዋ ባዶ ሆነ። አፏን ከፍታ ቀረች፤ ፎጣውን አልጣለችም።

እኔ ቃሉ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። የተማርኩት፣ የጻፍኩት፣ የሐሰት አባት፣ በምን አስማላችሁት፣ ሁሉም። ስንት ገጽ ሙሉ! እግሬ ግን አልተነሣም፤ ሰዉን ፈራሁ።

እማማ በትራቸውን ለኢትዮጵያ ሰጧት። ያንን ባዶ ቦታ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ እየዳበሱ ተሻገሩ። እናትዓለም ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

"ልጄ፣ ዓይኔ አያይልኝም። መንገዱም ያዳልጣል። እጅሽን ስጭኝና እስከ ደጀ ሰላሙ አድርሽኝ" አሏት።

ልጅቷ ግራ ቀኟን አየች። ሌላ ሰው የጠሩ መሰላት። ከዚያ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ክንዳቸውን ያዘች። እማማ ተደገፏት፤ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉባት። ሰዉ ሁሉ እያየ፣ እልልታው እየቀነሰ፣ ሁለቱ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ሽቅብ ወጡ። እማማ "አይዞሽ፣ እዚህ ጋ ቀስ በይ" ይሏታል፤ መሪዋን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ነው እግሬ የተነሣው። ኢትዮጵያን ይዤ ተከተልኳቸው።

ማታ ዓይንዎ ደኅና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "እንደ ወጣትነቴ ነው" አሉኝ፣ ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ። እኒህ ሴት ሲዋሹ የሰማሁት ዛሬ ጠበሉ ቦታ ብቻ ነው። ለአባ ይናገሩት አይናገሩት የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኔ አልመሰክርባቸውም።